የጣይባ መስታወት

መስከረም ፭ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ደሴ

ከጠዋት እስከ ቀትር የይለፍ ወረቀት ፎቶግራፍ ሳነሳ ዋልኩ። ጣልያኖቹ ራቅ ወዳለ አገር የሚሄደውን ሰው ያለ ፎቶግራፍ አናሳልፍም ካሉ ወዲህ ሱቄ ደጃፍ ሰልፍ ነው። ሰው ሁሉ ፍርድ ሊሰማ የቆመ ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ ይቀመጣል። ፈገግ በሉ ብል የሚሰማኝ የለም። ምን አለና ፈገግ ይበሉ።

ከሰዓት በኋላ ሼህ ኑርሁሴን ልጃቸውን ጣይባን ይዘው መጡ። ሼሁ ሸዋ በር ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ይቺን ሱቅ ያከራዩኝም እሳቸው ናቸው። ወንድ ልጃቸው አብዱልወሀብ ጅዳ ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው። «እህቴን ትቻት የሄድኩት ሕፃን ሆና ነው፤ መልኳን ላኩልኝ» ብሎ ጽፏል።

«ልብ አርግ እንየው» አሉኝ። «የምፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። መስታወቱን ፊቴ ትሰብራለህ።»

ሴት ልጁን ፎቶግራፍ የሚያስነሳ አባት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እንዲሁ ነው። ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፈው መስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ ካለ ወረቀቱን የፈለጉትን ያህል ማባዛት ይቻላል። ስለዚህ አባት ወረቀቱን ይቀበላል፣ መስታወቱ ፊቱ ይሰበራል፣ ስብርባሪውንም ራሱ ለቅሞ ይወስዳል።

ጣይባ ወንበሩ ላይ ሆና ካሜራውን ስታይ ቆየችና «እዚያ ጨርቅ ውስጥ ገብተህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«አይሻለሁ።»

«ከጨርቁ ውጭ አልታይም?»

«ትታያለሽ። እዚህ ግን ተገልብጠሽ ነው የምትታዪው።»

«ወላሂ ጉድ ነው። ተገልብጬስ እንዴት ነኝ?»

ሼሁ ሳል ሳል አሉ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

መስከረም ፰

ሼሁ ወረቀቱን ሊወስዱ መጡ። ብዙ ካዩት በኋላ «እናቷን መሰለች» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መስታወቱን በመዶሻ ሰበርኩላቸው። ስብርባሪውን በመሐረባቸው ቋጥረው ሄዱ።

የሰበርኩት ግን የእሷን አይደለም። አንድ የገራዶ ሰው ሲነሳ ተንቀሳቅሶ የተበላሸ መስታወት ነበር፤ እሱን ሰበርኩ። ወደ ብርሃን ይዘው ካላዩት ሁሉም አንድ ነው። ዛሬ መስታወት እንደ ልብ አይገኝም፤ የተነሳበትም ቢሆን ታጥቦና አዲስ መድኃኒት ተቀብቶ እንደገና ይሠራል። ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

መስከረም ፲፬

መስታወቱን እስካሁን አላጠብኩትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ደጉ መጣ። አንድ ቄስ ዘንድ ፊደል የቆጠርን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ ለጣልያን ነጋዴዎች ያስተረጉማል። ሲኞር ካርሊኒ የሚባል ጣልያን ፎቶግራፍ ይገዛል ብሎ ይዞኝ ወረደ። ካርሊኒ መስታወቶቼን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን አያቸው። የቦሩ ሜዳን እረኞች፣ ጉም የሸፈነውን ጦሳን፣ የገበያውን ጨው ነጋዴዎች ወደደ።

ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ለፖስት ካርድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ውሉ ላይ «ለማንኛውም አገልግሎት» ተብሎ ይጻፋል፤ የዚህ ዋጋ የመጀመሪያውን አምስት እጥፍ ነው።

«ማንኛውም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት ደጉን።

«በፈለገው ነገር ላይ ያትመዋል። በብስኩት ቆርቆሮ፣ በሳሙና፣ በጠርሙስ።»

«የሰው ፊት ሳሙና ላይ? አይሆንም በለው።»

ለካርድ ብቻ፣ ያውም ባሕር ማዶ ለሚሸጥ ካርድ ብዬ ድርቅ አልኩ። ካርሊኒ ሳቀ፣ ተናደደ፣ በመጨረሻ እሺ አለ። «እንደዚህ የሚከራከር ፎቶግራፍ አንሺ አስመራም አላየሁም» ማለቱን ደጉ ነገረኝ። ተደስቼ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሌሎች መስታወቶች ይዤ እወርዳለሁ።

መስከረም ፲፱

እራት ላይ እህቴ አትጠገብ ወሬ ይዛ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነን፤ በደሴ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች።

«የሼህ ኑርሁሴንን ልጅ ሽማግሌ ላኩባት አሉ። ኮምቦልቻ ቆዳ የሚነግዱት፣ የሀምዱ ቤተሰቦች። ልጁ ሀብታም ነው።»

«እንኳን ደስ ያላቸው» አልኩ።

«ምነው ጎረስክና ተውከው?»

ጨጓራዬ ነው። ሰሞኑን በርበሬ አልተስማማኝም።

መስከረም ፳፩

ጠዋት የሀምዱ አባት ከሼሁ ጋር ሱቃቸው በር ላይ ሲሳሳቁ አየሁ። ከቀትር በኋላ ጣይባ ብቻዋን እኔ ሱቅ በር ላይ ቆመች። ሰላምታዋን ዝቅ ባለ ድምፅ መለስኩ።

«ላናግርህ ነበር» አለች።

«ሥራ ላይ ነኝ። ሌላ ቀን።»

ሥራ አልነበረኝም። ባዶ ሳጥን ስወለውል ነበር። ትንሽ ቆማ ሄደች። ለሠርጓ ፎቶግራፍ አንሳን ልትለኝ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ሌላ ይፈልጉ።

መስከረም ፳፪

ኮምቦልቻ ደርሼ መጣሁ። ካርሊኒ የያዝኩትን ሁሉ ገዛ፤ እንደ ውላችን ለካርድ ብቻ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ካሚዮኑ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነበር፣ እግዚአብሔር አወጣን።

የጣይባም መስታወት ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ለምን ይዤው እንደወረድኩ አላውቅም። ካርሊኒ ወደ መስኮቱ ይዞት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ቆየ። ይቺን ለካርድ አልፈልጋትም፤ «ለማንኛውም አገልግሎት» ከሆነ ግን ያልኩትን እከፍላለሁ አለ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለኝ ደጉ ቀስ ብሎ።

«የማንም አይደለችም» አልኩት።

ካሚዮኑ ሊነሳ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። ቸኩዬ ፈረምኩ። ሰው ሲቸኩል እንዲህ ነው።

ጥቅምት ፫

አዲስ ካፖርት ገዛሁ። አትጠገብ «ከየት አመጣኸው?» ብትለኝ ተቆጣኋት። ቁጣዬን ሳልጨርስ ይቅርታ ጠየቅኋት። ካፖርቱን ያደረግሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ትከሻው ላይ ይጠበኛል።

ካርሊኒ ምናልባት መሳቢያው ውስጥ ረስቶት ይሆናል። የሚገዛ ሰው ሁሉ የገዛውን አያወጣም።

ጥቅምት ፲፮

እስላሞቹ ጾም ገብተዋል። ሼሁ እንደ ባለፈው ዓመት ማፍጠሪያ ሾርባና ተምር ላኩልን። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። የእኔን ድርሻ ለአትጠገብ ተውኩላት።

ማታ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እጄን ይዘው «ከዒድ በኋላ የማጫውትህ ጉዳይ አለኝ» አሉኝ። ደንግጬ ይሆናል፤ «አብሽር፣ መጥፎ ነገር አይደለም» ብለው ሳቁ።

ኪራይ ሊጨምሩብኝ ነው። ወይም ለሠርጉ ሊጠሩኝ።

ኅዳር ፮

ደጉ መጥቶ የሱቁን በር ዘጋና ከካፖርቱ ውስጥ ጠርሙስ አወጣ። አኒስ ነው፣ ያ ውሃ ሲነካው የሚነጣው የጣልያኖቹ አረቄ። ኮምቦልቻ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ከትናንት ጀምሮ በየመደርደሪያው ቆሟል።

ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈችው እሷ ናት። ሻርፗን ቀይ ቀብተውታል፣ ጉንጯንም። ዓይኗን ግን አልነኩትም። «ተገልብጬስ እንዴት ነኝ?» ብላኝ ሳቋን ስትይዝ ያነሳኋት፣ ያቺው ናት።

«አንተ ሰው፣ የሼሁ ልጅ መሆኗን አልነገርከኝም» አለ ደጉ። «ረመዳን ነው እኮ። እስላም ናት፣ አረቄ ላይ። ምን ነካህ?»

ወረቀቱን በጥፍሬ ስፍቅ አይቶ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደው።

ኅዳር ፱

አገር ሁሉ አወቀ። ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ አንዱ «አባቷ ሸጦላቸው ነው እንጂ ከየት ያገኙታል?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «አባቷማ ሼህ ነው፤ ራሷ ጣልያኑ ዘንድ ሄዳ ነው» አለ። ተነሥቼ ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። ፊቴ በሳሙና ተለቅልቆ ነበር። ዝም አልኩ። ራሴን የምጠላው በዚህ ነው፤ ከሸጥኩበትም ቀን በላይ በዚህ።

የሀምዱ ሰዎች ጠርሙሱን ይዘው ሼሁ ደጅ ድረስ መጡ አሉ። ደጃፉ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ሼሁ ከዚያ ወዲህ ለተራዊህ ሶላት መስጊድ አልታዩም። ሱቃቸው ዝግ ነው።

አትጠገብ «አንተ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። እንጀራ አቅርባልኝ ወጣች።

ኅዳር ፲፪

ካርሊኒ ዘንድ ሄድኩ። ለመንኩት። የሰጠኸኝን ልመልስልህ፣ ካሜራዬንም ጨምረህ ውሰድ አልኩት። ደጉ ሲያስተረጉም ድምፁ ይሰበር ነበር።

ካርሊኒ አልተቆጣም። ውሉን አውጥቶ አሳየኝና «ፊርማህ ነው?» አለ። ፊርማዬ ነው። «ሌሎቹን ለካርድ ብቻ ብለህ ቀኑን ሙሉ አደከምከኝ፤ ይቺን ግን ሳትከራከር ሰጠኸኝ። ደስ ብሎህ የሸጥክ መስሎኝ ነበር» አለ። ካሜራዬንም «የራሴ አለኝ» ብሎ አልተቀበለም። አንድ ነገር ግን አደርግልሃለሁ፤ ከዚህች የማታንስ የሌላ ሴት ፎቶግራፍ አምጣልኝ፣ በሚቀጥለው ኅትመት እሷን አወጣና ያቺን አስገባለሁ አለ።

ደጉ ይህን ሲነግረኝ ወደ እኔ አላየም።

ኅዳር ፲፬

የቀሩትን መስታወቶች ከሳጥኑ አወጣሁ። የቦሩ ሜዳ ሙሽራ፤ አባቷ ስበር ሳይለኝ የረሳው። ገራዶ ያለችው የጠላ ሻጯ ልጅ። የጎረቤታችን የፈንታሁን ሚስት፣ እንኳን ፎቶግራፍ ልታስነሳ ቀና ብላ የማታይ። አንዷን ለይቼ ወደ መስኮቱ ያዝኳት። ትቀርባለች ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ዋጋዋን ሁሉ ገመትኩ።

አትጠገብ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ደግሞ የማንን ልጅ ነው?» አለች።

የካርሊኒን ነገር ነገርኳት። መስታወቱን ከእጄ ወስዳ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔን አንሳ። አረቄ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ አረቄ ላይ ብለጠፍ ማን ይከፋዋል? ባል የለኝ፣ የሚቆጣኝ አባት የለኝ።»

«እትዬ ተዪ።»

«አንሳ ብዬሃለሁ።»

አነሳኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያነሳኋት። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ተቀመጪ ብያት አላውቅም።

ኅዳር ፲፯

ካርሊኒ አትጠገብን አየና መለሰልኝ። «ይቺ አትሸጥም» አለ።

ለእሷ «ኅትመቱን ቀድሞ ጨርሶታል፤ ሰዓቱ አለፈ» አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። «ደህና አልተነሳሁም ይሆናል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ዒድ አለፈ። ዘንድሮ ከሼሁ ቤት ምንም አልመጣም።

ኅዳር ፳፬

እየመሸ ነው፤ መብራቱን አላጠፋሁም። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ሼህ ኑርሁሴንና ጣይባ መጡ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ሲያዩዋቸው ተነሥተው ወጡ። ሼሁ ከስተዋል። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«የይለፍ ወረቀት ፎቶግራፍ» አሉ። «ከእህቴ ጋር ለሐጅ ትሄዳለች። ከዚያ ወንድሟ ዘንድ ጅዳ ትቀራለች። ደሴ ላይ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ቢኖር አንተ ዘንድ አልመጣም ነበር።»

ጣይባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጨርቁ ውስጥ ገባሁና ብዙ ቆየሁ። እዚያ ውስጥ ሰው አያየኝም። አነሳኋት። አዛን ሲሰማ ሼሁ «ውዱእ ላድርግ፣ በረንዳው ላይ ነኝ» ብለው በሩን ክፍት ትተው ወጡ።

መስታወቱን ሳወጣ፣ «ለምን እኔን?» አለችኝ።

«ካሚዮኑ ሊነሳ ነበር፤ ቸኩዬ…»

«ሌሎቹን ለካርድ ብቻ ነው የሸጥካቸው፤ ደጉ ለአባቴ ነግሮታል። የእኔን ግን ለሁሉም። ጠልተኸኝ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ምንድነው?»

ስንት ነገር አፌ ላይ ደረሰ። የሀምዱን ስም ልጠራ ምንም አልቀረኝም። የእኔ ካልሆንሽ ልል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል? ተስፋ ቆርጣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሼሁ ገቡና «ውጪና ጠብቂኝ ልጄ» አሏት። እሷ ስትወጣ ሳይቀመጡ እንዲህ አሉኝ።

«የሀምዱ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ እምቢ አለችኝ። እህል አልቀምስም አለች። ማንን ብላት ዝም። በኋላ እኔው ገባኝ፤ አባት አይደለሁ? የእኔ አያት ክርስቲያን ነበሩ። ቦሩ ሜዳ ያሉት ዘመዶቼ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ነው የሚስሙት። በወሎ ይሄ አዲስ አይደለም። ከዒድ በኋላ አስቀምጬ ላናግርህ ነበር። ትሰልም እንደሆን ልጠይቅህ፤ አይ ካልክም በሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ ይምከርበት ብዬ። ለሀምዱ ሰዎች እምቢታዬን ልልክ ስዘጋጅ ጠርሙሱን ይዘው መጡ።»

«ሼህ፣ እኔ…»

«በቃ። አሁን ቢሆን ለአንተ እንዴት አድርጌ እሰጣታለሁ? እሷስ እንዴት አድርጋ ትመጣለች? ስንት ነው ሒሳቡ?»

አልቀበልም አልኩ። «ተቀበል» አሉኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። መስታወቱን ስበር አላሉኝም። ቃሌ ከዚህ በኋላ ምንም እንደማያደርግላቸው አውቀዋል።

ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ «ላናግርህ ነበር» ያለችኝ ይህን ልትነግረኝ ነበር። እኔ ባዶ ሳጥን እወለውል ነበር። በማግሥቱ ሸጥኳት። እንዲህ ብዬ ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ምክንያቱ ካሚዮኑም አልነበረም፣ ችኮላም አልነበረም። ለሌላ ልትሆን ነው ብዬ፣ እንግዲያ የሁሉም ትሁን ብዬ ነው። አምላኬ ሆይ።

ታኅሣሥ ፫

ዛሬ ሄደች። በባቲ በኩል ወደ አሰብ ነው የሚወርዱት። የሐጃጆቹ ካሚዮን ሲያልፍ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ሴቶቹ ሁሉ ተሸፋፍነው ስለነበር የትኛዋ እንደሆነች አልለየሁም። አትጠገብ ግን ወጥታ እስከ መንገዱ ማብቂያ ድረስ ሸኘቻቸው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጣይባ ምን እንዳለቻት አልጠየቅኋትም።

ታኅሣሥ ፱፣ ኮምቦልቻ

ከቦርከና ወንዝ አጠገብ ወዳለው መጠጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ጎልማሳ ሴት ናት፤ አላውቃትም። ባዶ ጠርሙሶቹ ከጓሮ ተከምረዋል፤ ሁሉም ላይ እሷ አለች። አንዳንዷ ጭቃ ላይ ተደፍታለች፣ አንዳንዷ ላይ ሰው ሲጋራ አጥፍቷል።

ላጥባቸው? አልኳት። በነፃ? አለች። በነፃ አልኩ። የማሾፍባት መስሏት ነበር፤ በኋላ ግን ባልዲና ሙቅ ውሃ ሰጠችኝ።

ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ ቀስ ብሎ ይለቃል። በጥፍር ከፋቁት ይቀደዳል፤ መታገሥ ነው። አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ነገ ደግሞ ሌላው መጠጥ ቤት አለ፣ ከዚያም ሌላው። ካርሊኒ አዲስ ያትማል፤ አውቃለሁ።

ሴትዮዋ ሥራዋን ጨርሳ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ስታየኝ ቆየች። እጄ ላይ ያለችውን አየች፣ እኔን አየች።

«ምንህ ናት?»

«ላገባት ነበር» አልኩ።

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የባልዲውን ውሃ ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ገብታ ሌላ ጣደችልኝ።